የስጦታ ብሩሽ

ለአባት ወይም ለአጎት የጢም መላጫ ብሩሽ ልትሰጡ ያሰባችሁ አንባብያን አላችሁ፡፡ ሸጋ ሐሳብ ነው፡፡ ግን እጀታው ስላብረቀረቀ ብቻ አትግዙ፡፡ ፀጉሩን እዩ፡፡

ፀጉሩ ከምን ተሠራ? አንዱ ከአሳማ ነው፡፡ ጠንካራ ነው፤ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ረከስ ይላል፡፡ ሌላው ባጀር ከሚባል የዱር አውሬ ነው፡፡ ውሃ ይይዛል፤ ግን ውድ ነው፡፡ ከፈረስ ፀጉር የሚሠራም አለ፡፡ ሰው ሠራሽም አለ፡፡ አባታችሁ ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ከሆኑስ? የአሳማ ፀጉር ፊታቸውን እንዲነካ ይወዳሉ? እንግዲያው ሻጩን ጠይቁ፡፡ እኛ ሰው ሠራሹን እንመርጣለን፤ ቶሎ ይደርቃል፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ አባ ሰንጋን የከብት በሽታ ብቻ አድርገን እናስበዋለን፡፡ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት ጊዜ የባጀር ፀጉር እጥረት ሆነ፡፡ በምትኩ የፈረስ ፀጉር ገባ፡፡ ፀጉሩ ግን በደንብ አልጸዳም ነበር፡፡ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ሲላጩ አባ ሰንጋ ያዛቸው፡፡ የሞቱም አሉ፡፡ የበሽታው ዘር በፀጉርና በቆዳ ላይ ብዙ ዓመት ይቆያል፡፡ ምላጭ በቧጨረው ቦታ ሰተት ብሎ ይገባል፡፡ ስለዚህ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ አሮጌ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ለስጦታ አይሁን፡፡

ስትገዙ ፀጉሩን በጣት ጎተት አድርጉት፡፡ አንድ ሁለት ቢነቀል ግድ የለም፤ ብዙ ከተነቀለ መልሱት፡፡ ስትሰጧቸውም ንገሯቸው፦ ከተላጩ በኋላ አጥበው፣ አራግፈው፣ ነፋስ ባለበት ያኑሩት፡፡ ለጎረቤት አያውሱት፤ ጎረቤት ቢቀየምም፡፡