ለማይበላው ማን ይጩህ?

ስለ ጤፍ እንዴት እንደጮህን ታስታውሳላችሁ? አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት ተብሎ ስንት ተባለ! በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሲሽረው ደግሞ ጨፈርን። ጥሩ። እስቲ ዛሬ ስለ እባብ እናውራ።

«ኤጭ!» ያላችሁ አላችሁ። እኛም ብለን ነበር።

ቢቲስ ፓርቪዮኩላ የሚባል እፉኝት አለ። ጥቁር ላይ ቢጫና አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ከኢትዮጵያ ጫካ በቀር የትም ዱር የማይገኝ። ሳይንስ የተዋወቀው በመቱና በደሌ መካከል፣ ዶኪ ወንዝ ድልድይ ጋ በተገኘ አንድ እባብ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦህመ ነው። ዛሬ ይሄው እፉኝት አሜሪካና አውሮፓ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ ተለክቶለት ይኖራል፣ ይወልዳል፣ ይሸጣል።

አርቢዎቹ «እያዳንነው ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሳጥን ውስጥ የተወለደ የሚገዛ ሰው ከጫካ አያስይዝም። ግን የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ከየት መጡ? ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ ተብለናል። ነጋዴው ምንነቱንና ዋጋውን አሳምሮ ይነግራችኋል። «የት» ላይ ሲደርስ ጭጭ! ወላጆቹ የተያዙበት ጫካ ያልታወቀ እባብ ደግሞ የሚመለስበት ጫካ የለውም። በዚያ ላይ የእንስሳት ንግድ በሽታ ያዞራል፤ እንቁራሪቶችን የፈጀው ፈንገስ አገር ለአገር የተጓዘው አንድም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ይሄ ማራባት እንጂ ማዳን አይባልም። አዳኝ ነኝ የሚል ምንጩን ይመዝግብ፣ የተማረውንም ለአገራችን ተመራማሪዎች ያካፍል።

ቆይ ግን ጎበዝ፣ «ሌባ!» ብለን ከመጮኻችን በፊት እኛስ? እሱ የሚስማማውን ሙቀትና እርጥበት ያውቃል፤ እኛ የምናውቀው ድንጋይ ማንሳት ነው። ቡና ሲለቅም እግሩ ሥር እፉኝት ያገኘ ገበሬ ላይ ከካፌ ወንበር አንፈርድም፤ መርዙ ቀልድ አይደለም። የምንፈርደው በራሳችን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከባሌ ሐረና ጫካ ሌላ እፉኝት፣ ቢቲስ ሐረና፣ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ሲመዘገብ ስንቶቻችን ዜና ሠራን? ጫካው ሲመነጠርስ?

ባለቤቱ ያላወቀውን ንብረት ወሰዱብኝ ማለት ይከብዳል። ጤፍ እንጀራችን ነውና ጮህንለት። ለማይበላው ማን ይጩህ?