«ለምን» የጎደለው ማስታወቂያ

በአማርኛችን «ልበ ሰፊ» ምስጋና ነው፤ ታጋሽ፣ ቻይ ማለታችን ነው። ራጅ ክፍል ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

አምና ክረምት ለሰፈራችን ልጅ የሕክምና ገንዘብ ሲሰበሰብ ማስታወቂያውን ጻፍ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። «ጋዜጠኝነት አይደል እንዴ የምትማረው?» ተብዬ። እኔም «በልብ መስፋት በሽታ የምትሰቃየው የ14 ዓመት ታዳጊ…» ብዬ ጀመርኩ። ሰው አነበበ፣ አዘነ፣ አዋጣ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ሁሉም ነበረበት። «ለምን» ግን አልነበረም።

የልብ መስፋት በራሱ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። ደም ግፊት ያመጣዋል፤ የልብ ጡንቻ ሕመምም እንዲሁ። (ስፖርተኞች ላይ ሳይታመሙም ትንሽ ሊሰፋ ይችላል።) በእኛ አገር ልጆች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው።

አዎ፣ ቶንሲል ከምንለው! ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያቆስላል። ሳይታከም ሲቀር አንዳንዶቹ ላይ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያና ልብ ላይ ይዞራል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል። ቫልቭ ማለት የደም በር ነው። በሩ በደንብ ካልገጠመ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ሲገፋ ይለጠጣል፣ ይሰፋል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ያኔ ዳገት መውጣት ያቅታል፣ እግር ያብጣል፣ በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ ይከብዳል።

የልጅቷን እናት የጠየቅኳቸው ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። «ቶንሲልማ ሁሌ ያማት ነበር። እንጥሏን አስቆረጥናት፣ ተሻላት ብለን ተውነው» አሉኝ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። ጉሮሮዋ በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ብትጀምር ኖሮ ልቧን ማዳን ይቻል ነበር። ፔኒሲሊን እኮ እ.ኤ.አ. በ1928 የተገኘ ርካሽ መድኃኒት ነው።

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ደግ ሥራ ነው። ግን ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው በር ነው። ስለዚህ የልብ ሕሙማን እርዳታ ጥሪ የሚያወጣ ሁሉ ስለ ጉሮሮ ሕመም አንድ መስመር ይጨምር እላለሁ። «እናትየዋን መውቀስ ይሆናል» ያለኝ ጓደኛ አለ። እኔ ደግሞ ሳይነገራቸው መቅረቱ ይብሳል ባይ ነኝ።

ልጅቷ አሁን በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ «ጉሮሮዬን» ሲል እናቱ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰዱት።