ሕዝቡ ሳይጠየቅ ያለፈው ሃያ ዓመት

ጡረታ የወጡ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም። ኑክሌር የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪና አውቶቡስ ነጂ ምን አውቀው ነው የሚጠየቁት ይባላል። እንግሊዝ አሮጌ መርከቦቿን በጊዜ ፈታትታ መጨረስ ያቃታት፣ በየአዳራሹ ሰው እየሰበሰበች «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ስትል ጊዜዋን ስለፈጀች ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ የተማሩና ሥራ ሲጓተት የሚያንገበግባቸው ናቸው። ግን ተሳስተዋል። መሳሳታቸውን ለማየት ደግሞ ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዓመት መቁጠር ይበቃል።

እንቁጠር። የእንግሊዝ የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ድሬድኖት እ.ኤ.አ. በ1963 አገልግሎት ጀመረች፤ በ1980 ጡረታ ወጣች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ነዳጇ ወጥቶላት ስኮትላንድ ውስጥ ሮሳይዝ በተባለ የመርከብ ጣቢያ ታሰረች። ቸርችል፣ ስዊፍትሸር፣ ሪዞሉሽን፣ ሪፐልስ፣ ሪናውንና ሪቬንጅ በየተራቸው መጥተው አጠገቧ ተሰለፉ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ደግሞ ዴቮንፖርት አለ። ይህ ጣቢያ ያለው ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በፕሊመዝ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ የሰው መኖሪያ ነው። እዚያ ከታሰሩት አንዷ ኮንከረር ናት፤ በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ፣ ሜይ 2 ቀን 1982፣ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለችውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ መትታ ያሰጠመችው። የዚያን ቀን ወሬዋ ዓለምን አዳረሰ። ከ1990 ወዲህ የት እንዳለች ግን ከፕሊመዝ ነዋሪ በቀር የሚያውቅ ብዙ ሰው አይመስለኝም።

እነዚህ መርከቦች ታስረው ምን ያደርጋሉ? ይንሳፈፋሉ። ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቁር ጀርባቸውና ከመሃላቸው ቀጥ ብሎ የቆመው ማማ ብቻ ነው። ጠባቂ ይጠብቃቸዋል፤ ጨረራቸው ይለካል። በየዓመታቱ ተራ ሲደርሳቸው ወደ ደረቅ መትከያ ይገቡና ውጫዊ አካላቸው ይመረመራል፤ ዝገቱ ተፍቆ ይቀባል፤ ከዚያ ተመልሰው ይታሰራሉ። ለመፍረስ የምትጠብቅ መርከብ ቀለም ይገዛላታል ማለት ነው። የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደተናገረው፣ ከ1980 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥበቃና እድሳት የወጣው ገንዘብ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሷል። በዚያን ጊዜ ታስረው የነበሩት መርከቦች 20 ናቸው። ከነዚህ ዘጠኙ፣ ሁሉም ዴቮንፖርት ያሉት፣ ነዳጃቸው ገና በሆዳቸው ነበር። ፈርሳ ያለቀችው ደግሞ አንድም የለችም።

ታዲያ ከድሬድኖት ጡረታ በኋላ «እነዚህን መርከቦች ምን እናድርጋቸው?» ተብሎ ሕዝብ መጀመሪያ የተጠየቀው መቼ ነው? በ2001። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን መሃል አስገብቶ ምክክሩን የጀመረው ያኔ ነው። ከ1980 እስከ 2001 ያለው ሃያ አንድ ዓመት የማን ነው? የሊቃውንቱና የባለሥልጣናቱ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደጃቸውን ያንኳኳ፣ ስብሰባ ያስረዘመ፣ ፊርማ ያሰባሰበ ነዋሪ እንቅፋት ሆነባቸው የሚል ማስረጃ አላየሁም። መርከቦቹን ጥልቅ ባሕር ውስጥ ማስመጥ እንደ አንድ አማራጭ ይታሰብ ነበር፤ በ1983 አገሮች ጨረር አመንጪ ቆሻሻ ባሕር ውስጥ መጣል እንዲቆም ተስማሙ፤ በ1993 ጨርሶ ታገደ። ባሕሩ ሲዘጋ ሌላ ሐሳብ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ አንድ መርከብ ስትታሰር ጊዜያዊ ነው ተባለ፤ ሁለተኛዋ ስትጨመርም እንዲሁ ተባለ፤ ሮሳይዝ ብቻ ሰባት ደረሱ።

ከ2001 በኋላስ? ትልቁ መሰናክል የመጣው በ2004 ነው። ነዳጅ የማውጣቱ ሥራ ዴቮንፖርት ላይ ቆመ፤ የቆመውም ተቆጣጣሪዎች የጣቢያው መሣሪያዎች የዘመኑን የደህንነት ደረጃ አያሟሉም በማለታቸው ነው። በ2019 ኦዲተሮቹ ሲመጡ ከዚያ ወዲህ አንዲት መርከብ እንኳ ነዳጇ አልወጣላትም። ይህ የመሣሪያና የበጀት ጉዳይ ነው። በአንጻሩ ሁለቱን ዋና ምክክሮች ተመልከቱ። የመጀመሪያው ከኦክቶበር 28 ቀን 2011 እስከ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2012 ነው፤ 16 ሳምንት። ሁለተኛው ከኖቬምበር 14 ቀን 2014 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2015 ነው፤ 14 ሳምንት። ድምሩ 30 ሳምንት ይሆናል። የአርባ ዓመት መጓተትን 30 ሳምንት ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ምክክር ጊዜ አይፈጅም ብዬ ብቻ ብተው፣ «እሺ ጊዜ አይፍጅ፤ ግን ምን ይጨምራል?» የሚል ይኖራል። የሚጨምረውን ለማሳየት የ2011ዱን ምክክር አንድ ጥያቄ ገልጬ ላሳይ፤ እኔን ራሴን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ነዳጅ ከወጣ በኋላ መርከቧ ውስጥ ከሚቀረው ጨረር ብዙው ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ነዳጁ ይነድበት የነበረው ወፍራም የብረት ጋን ላይ። ብረቱ ለዓመታት ከነዳጁ በሚወጡ ኒውትሮኖች ተደብድቦ ራሱ ጨረር አመንጪ ሆኗል። በዚህ ጋን ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው ጋኑ ያለበትን የመርከቧን ክፍል ከፊትና ከኋላ ቆርጦ እንዳለ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ጋኑን ብቻ ሳይነካኩ ሙሉውን ማውጣት። ሦስተኛው ጋኑን ቆራርጦ በሳጥን ማሸግ።

እዚህ ላይ ሊቁን እንጠይቀው። የመጀመሪያው መንገድ ለሠራተኛው ይቀላል፤ ወደ ጋኑ የሚቀርብ ሰው የለም። ግን ቤት የሚያህል ጨረር ያለበት ብረት ለልጅ ልጅ ይተዋል፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው መቁረጡ አይቀርም። ሦስተኛው መንገድ ሥራውን ዛሬ ይጨርሳል፤ ሸክሙ ግን መቁረጫ ይዞ በሚቆመው በዛሬው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። ደግሞም የመጨረሻው የከርሰ ምድር መቀበሪያ ገና ስላልተሠራ ምን ዓይነት ሳጥን እንደሚቀበል ሳይታወቅ የታሸገው ሁሉ እንደገና ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛው መሃል ላይ ነው። ሊቁ ይህን ሁሉ በቁጥር ይነግረናል። ኮባልት 60 በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሠራተኛ በእጅጉ ያነሰ ጨረር እንደሚያገኘው ይነግረናል። ኒኬል 63 ግን በግማሽ ለመቀነስ መቶ ዓመት ያህል እንደሚፈልግ፣ ስለዚህ መጠበቅ ሁሉን እንደማይፈታ ይነግረናል። አንድ ነገር ግን ሊነግረን አይችልም። ሸክሙን ማን ይሸከም? የዛሬው ብየዳ ሠራተኛ ወይስ ገና ያልተወለደው?

ይህን ጥያቄ የሚመልስ መለኪያ የትም ቤተ ሙከራ ውስጥ የለም። ጥያቄው የፍትሕ ነው። የፍትሕን ጥያቄ ደግሞ ሸክሙን ከሚቀበሉት ሰዎች በላይ የሚያውቀው የለም። የሮሳይዝ ሠራተኛ ሚስት ባሏ ምን ያህል ጨረር ይዞ እንዲመጣ እንደምትፈቅድ ለመናገር ዲግሪ አያስፈልጋትም። የፕሊመዝ አያት ለልጅ ልጃቸው ምን ጥለው መሄድ እንደማይፈልጉ ያውቃሉ። «ሕዝብ ኑክሌርን አያውቅም» የሚለው አባባል ትልቁ ስህተቱ እዚህ ነው፤ ሕዝቡ የተጠየቀው ኑክሌርን ሳይሆን የራሱን ሕይወት ነው።

ሚኒስቴሩ በ2013 ውሳኔውን አሳወቀ። ጋኑ ሙሉውን ይወጣል፤ ሥራው ሮሳይዝም ዴቮንፖርትም ይሠራል፤ አንዱ ጣቢያ የሌላውን መርከብ አይረከብም። የወጡት ጋኖች የት ይቀመጡ የሚለው ለሁለተኛው ምክክር ቀረ። አምስት ስፍራዎች በስም ተዘርዝረው ቀረቡ፤ ኦልደርማስተን፣ በርግፊልድ፣ ሴላፊልድ፣ ቻፐልክሮስና ኬፕንኸርስት። በጁላይ 2016 ቼሸር ውስጥ ያለው ኬፕንኸርስት ተመረጠ። አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። በዲሴምበር 2016፣ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ሮሳይዝ ላይ ስዊፍትሸርን የማፍረሱ ሥራ ተጀመረ። ሕዝብ ሳይጠየቅ በሃያ አንድ ዓመት ያልተነቃነቀው ብረት ሕዝቡ ተጠይቆ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ በወራት ውስጥ ተነቃነቀ።

ሚኒስቴሩ የመረጠውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ምክክሩ ለይስሙላ ነው የሚሉ አሉ። አዎ፣ የሚደግፈውን አማራጭ አስቀድሞ ተናግሯል። መናገሩ መልካም ነው። ሐሳቡን ከነምክንያቱና ከነወጪው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ሊሞገት ይችላል፤ ሐሳቡን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ አይሞገትም። ሕዝብ ከተጠየቀ እንቢ ይላል የሚሉም አሉ፤ የከርሰ ምድር መቀበሪያ ፍለጋው በጃንዋሪ 2013 በኩምብሪያ ካውንቲ ምክር ቤት ድምፅ መቆሙን ይጠቅሳሉ። እንቢ ማለት የማይፈቀድለት ሰው እሺ ማለቱ ምን ዋጋ አለው? አሜሪካኖች ማንንም ሳይጠይቁ ጨረሱት የሚለውማ ጭራሽ ሐሰት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከመቶ በላይ የሪአክተር ክፍሎችን በኮሎምቢያ ወንዝ እያጓጓዘ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፈርድ ላይ በትልቅ ጉድጓድ ያስቀመጠው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን ለሕዝብ አስተያየት ካቀረበ በኋላ ነው። ያ ጥናት በ1984 ሲጠናቀቅ ባሕር ውስጥ የማስመጡ አማራጭ ተትቶ የብስ ላይ መቅበር ተመረጠ። ቶሎ የጨረሱት ቀድመው የጠየቁት ናቸው።

ሕዝብ ፈጽሞ ያልተጠየቀበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ ወደ ሩሲያ ሰሜናዊ ባሕር ኃይል ይመልከት። አሌክሳንደር ኒኪቲን የባሕር ኃይሉ የቀድሞ መኮንን ነበር። ቤሎና ለተባለው የኖርዌይ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ስለ አሮጌ መርከቦቹና ስለ ነዳጃቸው አያያዝ ሪፖርት ሲያዘጋጅ፣ በፌብሩዋሪ 1996 አገር በመክዳት ተከስሶ ታሰረ። ከክሱ ነጻ የወጣው ከብዙ ክርክር በኋላ፣ በ1999 መጨረሻ ነው። ኬ-159 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በ1989 ጡረታ ወጥታ ነዳጇ ሳይወጣ ግሬሚካ በተባለው ወደብ ትዝግ ነበር። በኦገስት 2003 ለመፍረስ ስትጎተት ማዕበል መታት። ዝገት የበላው አካሏ ብቻውን መንሳፈፍ ስላቃተው ከጎንና ከጎኗ ባዶ የብረት ጋኖች ታስረውላት ነበር፤ እነሱ ተበጥሰው ሄዱ። ከውስጧ አሥር መርከበኞች ነበሩ። ዘጠኙ ሞቱ። መርከቧ 800 ኪሎ ግራም ያህል ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ እንደያዘች ዛሬም ባረንትስ ባሕር ወለል ላይ ናት። አሥራ አራት ዓመት ስትዝግ ያዩአት ሰዎች ነበሩ፤ የወደቡ ጠባቂ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የመርከበኞቹ ቤተሰብ። ስለ እንደሷ ዓይነት መርከቦች የጻፈ ሰው በአገር ክህደት በሚከሰስበት አገር ግን ማን አፉን ይከፍታል? ዘጠኙን ሰዎች የገደላቸው ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ ዝምታውም ነው።

ከዚህ ተነስቼ እስከ መጨረሻው ልሂድ። የሮሳይዝና የፕሊመዝ ሰው በ1980 ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለቱም ወደቦች ላይ የታሰረ አሮጌ መርከብ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። «የት ትሄዳለች? መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ያለው ባለሥልጣን መልስ ይፈልጋል። ጠያቂ የሌለው ግን ቀለም ይገዛል።

ስዊፍትሸር እስከ 2026 መጨረሻ ፈርሳ ታልቃለች ተብሎ ታቅዷል፤ ከሰውነቷ ወደ 90 በመቶው ተመልሶ ለአገልግሎት እንዲውል ይፈለጋል። ድሬድኖት ግን አሁንም ተራዋን ትጠብቃለች። ወደ ውሃ የወረደችው በኦክቶበር 1960 ባሮ በተባለችው የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ነው፤ የመረቋት ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። በዚያችው ከተማ ዛሬ አዲስ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ እየተሠራች ነው። ስሟም ድሬድኖት ነው። መጨረሻዋ የት እንደሚሆን የባሮን ሕዝብ መጠየቅ የሚገባው አሁን ነው፤ ገና ብረቷ እየተበየደ ሳለ።