ጉዱማሌ ላይ የደመቀው በዓል ሳሎን ሲደርስ ለምን ይቆራረጣል?

ፍቼ ጫምባላላ በደረሰ ቁጥር ሐዋሳ ሁለት ቦታ ትሰበሰባለች። አንዱ ሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሳሎን። ጉልበቱ የደከመ አባት፣ አራስ፣ ሥራ ላይ የዋለ ሰው፣ ሁላ ወይም በንሳ ሆኖ መምጣት ያልቻለ ዘመድ በዓሉን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል፣ ለብዙ ሰው ከስክሪን በኩል የሚታይ በዓል ሆኗል።

ታዲያ ቄጣላው ሞቅ ሲል ምስሉ ኩብ ኩብ እየሆነ ይቆማል። ድምፁ ይንተባተባል። ቀጥሎ "ሲግናል የለም" ይላል። ቤተሰቡ ምን ይላል? "ቲቪው ሞተ፤ ሌላ ይገዛ።"

ቆይ! አብዛኛው የምስል ጥራት ችግር ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ አይደለም። ይህንን አለማወቅ ደግሞ ዛሬ ከመቼውም በላይ ውድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቴሌቪዥን ደግሞ ሙሉ ዕቃውም ሆነ መለዋወጫው ዶላር ይፈልጋል። በስህተት የተገዛ ቲቪ የወራት የቤት ወጪ ይዞ ይሄዳል።

📌 ችግሩ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀመር ሥርጭቱ አናሎግ ነበር። አናሎግ ሲደክም በረዶ ይጥላል፣ ጥላ ይፈጥራል፤ ቢሆንም ሰውየው ይታያል። አንቴናውን ትንሽ ዞር ማድረግ ነው።

ዲጂታል ግን ጸባዩ ሌላ ነው። ሲግናሉ እስከተወሰነ ደረጃ ቢደክምም ምስሉ ጥርት ብሎ ይቀጥላል፤ ከዚያች ደረጃ ሲወርድ በአንዴ ይበታተናል። ስለዚህ "ትናንት ማታ በደንብ ይሠራ ነበር" የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም አያጽናናም። ትናንትም ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሳተላይት ለውጡ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት ገብተዋል። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት የሚጠቀመው ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ። በመካከላቸው 64 ዲግሪ አለ። በአንድ ተራ ዲሽ ሁለቱን መያዝ ስለማይቻል ቤተሰቡ ወይ ዲሹን አዞረ፣ ወይ ሁለተኛ ዲሽ ተከለና በመቀያየሪያ አገናኘው። ጣቢያዎቹ ተዛወሩ፤ የዲሹን፣ የገመዱንና የባለሙያውን ሒሳብ የከፈለው ግን ተመልካቹ ነው።

አዲሱ አቅጣጫ የራሱ ጣጣ አለው። ለሐዋሳ የምሥራቁ ሳተላይት ከአናት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዲሹ ከድሮው ይልቅ ወደ ላይ ጋለል ይላል፤ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ይበልጥ ይይዛል። አሞራ ገደል አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ አባ ኮዳ ጣራ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያክል ታውቃላችሁ። ያ ክብደት ዲሹ ላይ ቢያርፍ ትንሽ ሊያነቃንቀው ይችላል። ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሳተላይት ደግሞ የአንድ ሁለት ዲግሪ መዛነፍ ቀላል አይደለም።

📌 ብር ከማውጣታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ምርመራ ሪሞት ብቻ ይበቃዋል። ምስሉ ሲበላሽ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ ክፈቱ፤ ቀጥሎ የሪሲቨሩን።

👉 የሁለቱም ሜኑ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ቻናሉ ብቻ ከተበታተነ ቲቪውም ሪሲቨሩን ከቲቪ የሚያገናኘው ገመድም ደህና ናቸው። ችግሩ ሲግናሉ ላይ ነው።
👉 የቲቪው ሜኑ ጥርት ብሎ የሪሲቨሩ ከተዥጎረጎረ በመካከል ያለውን ገመድ ወይም ሪሲቨሩን ጠርጥሩ።
👉 የቲቪው ሜኑም መስመር ከሠራበት ወይም ከጨለመ ያኔ ጥፋቱ የቲቪው ነው።

ሲግናል ከሆነ ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መለኪያ አለ፦ ስትሬንግዝ እና ኳሊቲ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ስትሬንግዝ የሚነግራችሁ ከዲሹ የሚመጣውን ኃይል ነው፤ ምስል የሚሰጠው ኳሊቲ ነው። ስትሬንግዙ ከፍ ብሎ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ዲሹ ዞሯል ወይም ፍሪኩዌንሲው ተቀይሯል። ሁለቱም ከጠፉ ገመዱን፣ መቀያየሪያውንና ኤልኤንቢውን እዩ፤ ውሃ የገባበት የገመድ ጫፍ የተለመደ ጥፋተኛ ነው። ገመድ ስትነቅሉ ሪሲቨሩን አስቀድማችሁ ከሶኬት ንቀሉ። በዚያ ገመድ ወደ ዲሹ ኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ከተነካካ ሪሲቨሩን ሊያቃጥል ይችላል። በዝናብ ወይም በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ጣራ ላይ መውጣት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

አንድ ቻናል ብቻ ከተበላሸ እና ጎረቤትም ጋ እንደዚያው ከሆነ ዲሻችሁን አትንኩ። ጥፋቱ የጣቢያው ነው። በበዓል ቀን ሜዳው ላይ ሕዝብ ሲበዛ፣ ከሜዳው ወደ ስቱዲዮ ምስል የሚወስደው መስመር ከተጨናነቀ ሁሉም ቤት እኩል ይቆራረጣል።

ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የሚጠፋና ሲያባራ የሚመለስ ምስልም ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የዝናብ ጠብታ ሲግናሉን ያዳክመዋል። በትንሽ ካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ በደንብ አልተስተካከለም ማለት ነው። በመጋቢትና በመስከረም ደግሞ ለጥቂት ቀናት ረፋድ ላይ ፀሐይ ከሳተላይቱ በስተኋላ ታልፋለች። ያኔ ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋው ምስል ራሱ ይመለሳል፤ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

📌 "አዲስ ቲቪ ገዝተን ድሮ ከነበረው የባሰ ሆነ"

ይህም የተለመደ ቅሬታ ነው። በመደበኛ ጥራት የሚተላለፍ ቻናል 720 በ576 ነጥብ አለው። ፎርኬ ቴሌቪዥን 3840 በ2160 ነጥብ አለው። ሲሰላ ልክ 20 እጥፍ ነው! ቲቪው የጎደሉትን 19 ነጥቦች በግምት ይሞላል። ትልቅ ስክሪን ላይ ብዥ የሚለው ለዚህ ነው፤ ቲቪው አልተበላሸም። ኤችዲ የሚያስተላልፈውን ቻናል ምረጡ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሪሲቨሩ በሦስት ቀለም ገመድ ከተገናኘ በኤችዲኤምአይ ቀይሩት፤ ቢጫዋ ገመድ ኤችዲ አታሳልፍም። ከዚያ የሪሲቨሩን የምስል መጠን ወደ 1080 አድርጉ። ፊት ሁሉ ጎን ለጎን ከተለጠጠ ደግሞ የስክሪን ቅርጹን ከ16 በ9 ወደ 4 በ3 መልሱት።

ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ የተስተካከለውን "ቪቪድ" ወይም "ዳይናሚክ" የሚባል አሠራርም ወደ "ስታንዳርድ" አውርዱ። ቀለሙ ተፈጥሯዊ ይሆናል፤ የጀርባ መብራቱም ዕድሜው ይረዝማል።

📌 ጥፋቱ የቲቪው ሲሆን

ድምፅ እያለ ስክሪኑ ከጨለመ ክፍሉን አጨልማችሁ በባትሪ መብራት ስክሪኑን ቀረብ ብላችሁ አብሩበት። ምስሉ በስሱ ከታየ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው፤ ይጠገናል። የተሰነጠቀ ስክሪን ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን መቀየር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ቲቪ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ቀጥ ያለ መስመር ከመጣ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከስክሪኑ ሊሆን ይችላል፣ ከውስጥ ካለች ትንሽ ሰሌዳ ወይም ከላላ ገመድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠጋኙ "ስክሪኑ ነው" ካላችሁ "ሰሌዳውን አይተኸዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ራሳችሁ ግን አትክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ ቲቪውን ንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የተመለሰ መብራት መጀመሪያ ላይ ከ220 ቮልት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። የቮልቴጅ መከላከያ ከአዲስ ቲቪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

📌 የቤተሰቡ ጥፋት ብቻ ነው?

አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ባስተባበረው ስምምነት የአፍሪካ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ምድራዊ ሥርጭት እንዲዛወሩ የተቀመጠው ቀነ ገደብ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም ነበር። ኢትዮጵያ አልደረሰችበትም። ያ ሥርጭት በየአካባቢው ቢዳረስ ኖሮ ተመልካቹ በትንሽ አንቴና የአገሩን ቻናሎች ያገኝ ነበር። በምትኩ ቤተሰቡ በራሱ ገንዘብ ጣራው ላይ የሥርጭት ጣቢያ ተክሏል ማለት ይቻላል። ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ በቀየረ ቁጥር የሚከፍለውም እሱ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ ቀድመው፣ ደጋግመውና በአካባቢው ቋንቋ ይናገሩ። በበዓል ቀን የሥርጭት ችግር ሲገጥማቸው ወዲያው "ችግሩ ከእኛ ነው" ይበሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱን አባት ከጣራ ታወርድ ነበር! የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ፈቃድ ከመስጠት ባሻገር ምስሉ ተመልካቹ ጋ እንዴት እንደሚደርስ ይከታተል።

እስከዚያው ለሚቀጥለው ፍቼ ዋዜማውን አትጠብቁ። ከሳምንት በፊት ኳሊቲውን እዩት፤ አፋፍ ላይ ከሆነ ያኔውኑ አስተካክሉት። ቤት ለሚውሉ እናትና አባቶቻችሁም ሪሲቨሩ ላይ ቻናሉን ፈልጋችሁ አስቀምጡላቸው። ይህንንም ቲቪ ሊገዛ ለተነሳ ዘመድ ላኩለት።

አይዴ ጫምባላላ! ከጉዱማሌ እስከ ሳሎን፣ ጥርት ያለ በዓል ይሁንላችሁ።