ስታዲየሙ ሲዘጋ ኳሱ አልቀረም



የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ለዓመታት ሲዘጋ «ቢዘጋ ምን ጎደለ? ኳስ እንደሆነ ጊዜ ማባከኛ ነው» የሚሉ ወገኖች ከመካከላችን አልጠፉም። በአክብሮት፣ ግን በግልጽ እንመልስላቸው።

አንደኛ፦ የተዘጋው ተራ ቦታ አይደለም። በጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው እዚያ ነው። አባቶቻችን በዒድ ቀን ሰፍ ይዘው የሰገዱትም እዚያው ነው። «ኳስ ሜዳ» ብለን ስንንቀው መስገጃችንንም አንርሳ።

ሁለተኛ፦ ወጣቱ የት ሄደ? ካፍ ሜዳዎቻችንን ደረጃ አያሟሉም ብሎ ስላገደ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የሊጉ ጨዋታዎችም ወደ ክልል ከተሞች ሄዱ። የመርካቶ ልጅ ክለቡን በከተማው ማየት አቃተው። ታዲያ ኳስ ተወ? ወላሂ አልተወም! ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የእንግሊዝን ሊግ ያያል። አጠገቡ ጫት አለ፣ እጁ ላይ የውርርድ ወረቀት አለ። ስታዲየም የገባ ልጅ ዘጠና ደቂቃ ጮኾ፣ ጉሮሮው ደርቆ ቤቱ ይገባል። ቤቲንግ የለመደ ግን የእናቱን የአስቤዛ ብር ይዞ ይወጣል። ቁማር ሐራም መሆኑን ነግረነዋል፤ በምትኩ የት እንደሚሄድ ግን አላሳየነውም።

የሰፈር ሜዳም እንዲሁ ነው። በየሰፈሩ ልጅ የሚሯሯጥበት ባዶ ቦታ ሕንፃ በቅሎበታል። የቀረው በሰዓት የሚከራይ ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ኪራይ የሌለው ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

ሦስተኛ፦ «ዲን ጨዋታን ይጠላል» ለሚሉን፦ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ በጦር ሲጫወቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሉም፤ እናታችን ዓኢሻም ተመልክታለች። ለፈረስ እሽቅድምድም ደግሞ መነሻና መድረሻ ወስነዋል። ለሠለጠኑት ፈረሶች ረጅም፣ ላልሠለጠኑት አጭር። ይህ ለውድድር ቦታ ማዘጋጀት ካልሆነ ምንድን ነው?

«ሶላት ያስረሳል» የሚለው ስጋት እውነት አለው። መፍትሔው ግን አዛን ሲል ኳሱን ማቆም እንጂ ሜዳውን መዝጋት አይደለም። ሱቅም ሶላት ያስረሳል፤ ሱቃችንን ግን አልዘጋንም።

ስለዚህ የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ! ወረዳ ስትሄዱ ስለ መቃብር ቦታና ስለ መስጂድ ይዞታ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ልጆቹ ሜዳም ጠይቁ። ወላጆች ሆይ! ጎረቤታችሁ ክርስቲያንም ቢሆን አብራችሁ ፈርሙ፤ ሜዳው የሁላችንም ልጆች ነው። ወጣቶች ሆይ! ያለቻችሁን ጠባብ ሜዳ አጽዱ፣ ጠብቁ፣ ጫትና ጠብ አታስገቡባት። ሜዳን የሚያስነጥቀው አንዱ ምክንያት የራሳችን ዝርክርክነት ነው።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን። አሚን!