የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ድርሰቱ ነው

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ ስለ ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ በተነሣ ቁጥር የሚቀርብ አንድ የቆየ ምክንያት አለ፤ ይኸውም «ኦርኬስትራ ለማቋቋም መሣሪያ የለም፤ ኦርኬስትራ በሌለበት ድርሰት መጻፍ ከንቱ ድካም ነው» የሚለው ነው። ይህ አስተያየት የነገሩን ቅደም ተከተል ያዛባ ነው።

ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነው። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ቫዮሊንና ትሮምቦን እስኪገዛ አልጠበቀም። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አሰለፈ። መሣሪያዎቹ በልማድ እንዲያ አንድ ላይ የሚሰለፉ አልነበሩምና የሚያስማማቸው ድርሰትና ቅንብር አስፈለገ፤ ኋላ ጓዱን የመራው ተስፋዬ ለማም የደከመው ለዚሁ ነበር። ጓዱን ጓድ ያሰኘው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን ለእርሱ ተብሎ የተሰናዳው ሙዚቃ ነው።

«ወጣቶቹ አልሠለጠኑም፤ ለልጆች መጻፍም የደራሲን ክብር ይቀንሳል» የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1958 በኖኅ መርከብ ታሪክ ላይ የተመሠረተውን ኦፔራውን ባቀረበ ጊዜ፣ የሙዚቃው ብዙው ድርሻ ለልጆች የተጻፈ ነበር። የቫዮሊኑን ክፍል እንደ ችሎታቸው በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ለጀማሪዎቹ በአመዛኙ ጣት በማይጫንባቸው ባዶ አውታሮች የሚጫወቱትን ጻፈላቸው። ተራ ኩባያዎችን አንጠልጥሎ በመምታትም የዝናብ ጠብታ ድምፅ እንዲሰማ አደረገ። ክብሩ አልቀነሰም፤ ሥራው ዛሬም ይቀርባል።

ክራራችንማ ከመነሻው በባዶ አውታር የሚደረደር ነው። ጀማሪው ሁለት አውታር ብቻ ቢይዝ፣ የበሰለው ዜማውን ቢመራ፣ ከበሮው ምቱን ቢጠብቅ፣ ከጌራርሳውና ከሠርጉ ዘፈን የተቀዳ ሙዚቃ የጎሬ ተማሪዎች ሊጫወቱት ይችላሉ። ድርሰት ከሌለ ግን የወጣቱ ዕጣ ከስልክ የሰማውን ዘፈን በኪቦርድ መኮረጅ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ሙዚቃውም አብሮ ይጠፋል። አዛውንቱ የያዘው ዜማም ከአዛውንቱ ጋር ይቀበራል።

ስለሆነም ወጣቱ ደራሲ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ ልምምዱ ሥፍራ ይሂድ፤ ስንት ክራርና ስንት ዋሽንት እንዳለ ይቁጠር። መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ አቅም ያስረዳው። የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ወጣቶቹን ለስብሰባ ማድመቂያ ብቻ መጥራቱን ትተው፣ በየዓመቱ ቢያንስ ለአንድ አዲስ ድርሰት የደራሲውን የድካም ዋጋ በበጀታቸው ይያዙ። የተጻፈው ኖታ በመቱ መምህራን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ እየተባዛም ይሠራጭ። መቱ ላይ የተደረሰውን በደሌ ይጫወተው፤ በደሌ የጀመረውን ያዮ ይቀጥለው።