ስድስቱ የማይታዩ ዳዶዎች

ፕራዶው ከፍ ብሏል። ሞላው ተቀይሯል፣ ጎማው ተልቋል፣ ቸርኬው ከፓራፋንጎው አልፎ ወጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና መብራት ላይ ሲቆም ዞሮ የማያየው የለም። ያምራል፤ ማማሩን መካድ ቅናት ይሆናል። ጥያቄው ያ ጎማ ወደ ውጭ የወጣው በምን ተደግፎ ነው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ በቸርኬውና ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ መካከል የገባ፣ ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ስሙ ስፔሰር ነው።

ስፔሰር በራሱ የተረገመ ዕቃ አይደለም። ፖርሸ ለገዛ መኪኖቹ ስፔሰር ያቀርባል፤ ጀርመን ውስጥም ማረጋገጫ ያለው ስፔሰር በሕግ ይነዳል። ጥሉ ከብረቱ ጋር አይደለም። ጥሉ እዚህ አገር ከሚገባበት መንገድ ጋር ነው፤ ለምን እንደገባ፣ ማን እንደገጠመው፣ ከተገጠመ በኋላ ማን ተመልሶ እንዳየው።

ለምን ከሚለው ይጀመር። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከተለመዱት ጎማዎች አንዱ 265/70 አር 16 ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚቀይረው 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው ከመሬት የሚነሳው በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሞላና ባሌስትራ መቀየር ደግሞ የሚያነሳው ቦዲውን ነው፤ ድንጋይ የሚመታውን የኋላ ዲፈረንሻል አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳውም። የብዙ ሺህ ብር ሥራ ተሠርቶ ዲፈረንሻሉ ያገኘው ሦስት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ከፍታ ናት። ይህ ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ 28 ሚሊ ሜትርም ትርፍ ነው። ነገር ግን ያቺ ትርፍ የመጣችው ከጎማው ነው። ስፔሰሩ አንዳች አላዋጣም።

«ትልቁ ጎማ ውስጡን ይነካል፤ ስፔሰር ያስፈለገው ለዚያ ነው» ይላሉ ገጣሚዎች። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የወፈረ ጎማ መሪ እስከ ጥጉ ሲጠመዘዝ በውስጥ በኩል ከክንዱ ወይም ከሻንሲው ጋር ይተሻሻል፤ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲገፋ ያ መተሻሸት ይቀራል። ነገር ግን ጎማው ከመዞሪያ ነጥቡ በራቀ ቁጥር ሲታጠፍ የሚሠራው ቅስት ይሰፋል። ከውስጥ የዳነው ጎማ አሁን በፊት ባምፐሩን፣ ከኋላ የቦዲ ማሰሪያውንና የፓራፋንጎውን ጠርዝ መላጥ ይጀምራል። ያኔ ደግሞ ፕላስቲክ መቁረጥና ብረት መቀጥቀጥ ይመጣል። «ሊፍት ስላለው አይነካም» የሚለውም ቆሞ ለሚታይ መኪና ብቻ ነው የሚሠራው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ፣ ማቆሚያ ጎማው ካልተቀየረ በቀር፣ መንኮራኩሩ የሚደርሰው ፋብሪካው የወሰነለት ቦታ ድረስ ነው። ሊፍት በዚያች ቅጽበት የለም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ሌላ ነው። ጎማን የሚይዘው ቡሎኑ ብቻ ይመስላል እንጂ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ እንደ ላስቲክ ጥቂት ይለጠጣል፤ በዚያ ውጥረት ቸርኬውና ሞዞው ፊት ለፊት ተጨፍልቀው ይያያዛሉ፤ መኪናውን የሚሸከመውና የሚያቆመው ፍትጊያ ከዚያ ይመጣል። ውጥረቱ ሲላላ ቸርኬው በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል፣ ቡሎኑም በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚሰበረው ቡሎንም በመጨረሻ በድካም ይቆረጣል። አንዱ ሲቆረጥ የእሱ ሸክም በቀሩት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ጎማ ተፈትቶ ሲታሰር ከተወሰነ ጉዞ በኋላ እንደገና ይጥበቅ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል ቀለም፣ ዝገት ወይም አቧራ ካለ በጉዞ ይደቃል፣ ውጥረቱም አብሮ ይቀንሳል። ያለ ስፔሰር ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሹፌሩ የጎማ መፍቻውን አውጥቶ ስድስቱን ዳዶ ይነካል፣ ያበቃል።

በስፔሰር ግን በአንድ ጎማ ላይ ሁለት እርከን አለ። ስፔሰሩ በመኪናው ስድስት ቡሎኖች ከሞዞው ጋር ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ላይ በተተከሉ ሌሎች ስድስት ቡሎኖች ይታሰራል። የውጭዎቹ ይታያሉ። የውስጦቹ ስድስት ከቸርኬው ጀርባ ተደብቀዋል። እነሱን ለመንካት መኪናውን በክሪክ ማንሳትና ጎማውን ማውለቅ ግድ ነው፤ በአራት ጎማ 24 ዳዶ ማለት ነው። ማነው የሚያወልቀው? ገጣሚው በአየር መፍቻ ካጠበቀበት ቀን ጀምሮ እነዚያ ዳዶዎች ሰው አላያቸውም። ለቦሎ ሲቀርብም ጎማው ተፈትቶ አይታይም። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት ጎማውን በእግሩ ረገጥ አድርጎ ዳዶዎቹን ሲመለከት የሚያያቸው ጥፋት የሌለባቸውን ነው።

የስፔሰር ጠበቆች የተሻለ ክርክር እንዳላቸው አይካድም። «ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ብትገዛም በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ያው ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ኩሽኔታው ጎማው ምን ያህል እንደራቀ እንጂ በምን እንደራቀ አያውቅም፤ መሪውም በጉድጓድ ላይ ለሚመታው እጅ ሁለቱን አይለይም። ከሁለቱ አንዱ የሚመረጠው ግን በኩሽኔታ አይደለም። ትክክለኛ ልክ ያለው ቸርኬ ስድስት ዳዶ አለው፣ ስድስቱም ፀሐይ ላይ ናቸው። የጠበቆቹ ክርክር ሳያስቡት የሚያረጋግጠው ቸርኬው ያንኑ መልክ ያለ ድብቅ ዳዶ እንደሚሰጥ ነው። ታዲያ ስፔሰር ለምን ተመረጠ? ስለሚረክስ ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ከርካሹም የባሰ ርካሽ አለ። ያለ ራሱ ቡሎን እንደ ሳህን በመካከል የሚገባው ስፔሰር አለ፤ በውፍረቱ ልክ ዳዶው የሚነክሰውን የቡሎን ጥርስ ይቀንሳል። ከቶርኖ ቤት የተቆረጠም አለ፤ አሉሚኒየሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ባለሙያውም አይጠየቅ፣ ባለቤቱም አይጠይቅ። በፕራዶና በሃይሉክስ ሞዞ ላይ 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ቸርኬውን መሐል የሚያስቀምጥ ክብ ከንፈር አለ። ስፔሰሩ ያንን ከንፈር ሸፍኖ የራሱን ካላወጣ ቸርኬው የሚንጠለጠለው በቡሎኖቹ ብቻ ነው። መሪው በ90 መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ባላንስ ይሠራ» ተብሎ ጎሚስታ ዘንድ የሚኬደው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ እርሳስ ቢለጠፍበት የማይድን በሽታ ነው።

«ስፔሰር መኪናውን ያረጋዋል፤ ከፍ ያለ መኪና እንዳይገለበጥ ይረዳል» የሚለውም በቁጥር ይታይ። የመኪናው የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 158 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። በሁለቱም በኩል 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ ርቀቱ 164 ይሆናል። ይህ የሚያካክሰው የክብደቱ ማዕከል ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሲነሳ ነው። ባለ አምስት ሴንቲ ሜትር ሊፍትና ትልቅ ጎማ አንድ ላይ ሲደመሩ ከዚያ በላይ ያነሱታል። ጣራ ላይ ደግሞ ድንኳን፣ ጀሪካንና ሁለተኛ ተቀያሪ ጎማ ተጭኗል። ስፔሰሩ ከተወሰደው ከፊሉን መለሰ እንጂ አላረጋውም፤ ሾፌሩ ግን ረግቷል ብሎ በኩርባ ላይ ያምነዋል።

«ዱባይ ሁሉም ይገጥማል» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ መኪናም ከነስፔሰሩ ከዚያ መጥቷል፤ የገዛው ሰው ስፔሰር እንዳለው እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ። የባሕረ ሰላጤው ወጣት ግን ዓርብ አሸዋ ላይ ተጫውቶ በጥሩ አስፋልት ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚህ ያው መኪና ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠውን ጠጠር ለሰዓታት እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቱሪስት ጭኖ አፋር ይወርዳል። ዳዶ የሚፈታው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ነው። ላንድክሩዘር እንደ እጃቸው የሚያውቁት አውስትራሊያውያን እንኳ የመኪና ማሻሻያ ብሔራዊ መመሪያቸው ከፋብሪካ ያልመጣ ስፔሰርን ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆይቷል።

ትልቅ ጎማ የምር የሚያስፈልገው ሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ወደ አይስላንድ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው አርክቲክ ትራክስ በረዶ ላይ እንዲሄዱ ለሚያዘጋጃቸው ቶዮታዎች 38 እና 44 ኢንች ጎማ ያለብሳል። ፓራፋንጎ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፤ ሰፊ ቸርኬ ይገባል፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ብዛት ይቀየራል፣ ሞተሩ ትልቁን ጎማ እንዲችለው። እዚህ ግን 7 በመቶ የረዘመ ጎማ ተገጥሞ ጥርሱም ፍሬኑም እንዳለ ይቀራል። ሰሌዳው 100 ሲል መኪናው ቀድሞ ከሚሄደው በ7 በመቶ ይፈጥናል፣ ለማቆም የሚከብድም ሆኗል። አሸዋ የሚያሻግረውም ቢሆን ስፔሰር አይደለም፤ የጎማውን ነፋስ ማጉደልና ስትወጣ መልሶ የሚሞላ ትንሽ ኮምፕሬሰር መያዝ ነው።

አፋር ውስጥ ሌሊት ጎማ ሲፈነዳ የሚሆነውን ደግሞ ገጣሚው አይነግርም። ከሥር የተንጠለጠለው ተቀያሪ ጎማ ብዙ ጊዜ የድሮው ልክ ነው፣ ቸርኬውም ተራ ብረት። ቀጭን ስፔሰር ላይ የመኪናው ቡሎን ጫፍ ከስፔሰሩ ገጽ አልፎ ይወጣል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከጀርባው ጎድጎድ ያለ ቦታ ስላለው ጫፉን ይውጠዋል፤ ጠፍጣፋው የብረት ቸርኬ ግን የለውም። ሹፌሩ በስልክ መብራት ዳዶውን ያጠብቃል፣ ይጠብቃልም። ቸርኬው ግን ያረፈው በቡሎኖቹ ጫፍ ላይ እንጂ በስፔሰሩ ገጽ ላይ አይደለም። ጠብቋል ብሎ ይነዳል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመልክ ምርጫ መሆኑ የሚያበቃው። ከነቸርኬው 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጎማ በ80 ፍጥነት ሲወልቅ መኪናውን ተከትሎ አይቆምም፤ ቀድሞት ይሄዳል። የአገራችን መንገድ ዳር ባዶ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች፣ ከብት አለ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ የሚይዘው ስፔሰሩን የመረጠውን ባለቤት አይደለም፤ መሪ የያዘውን ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ ያሉት ፕራዶዎችና ላንድክሩዘሮች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ቡሎኖቻቸው ግን አሁኑኑ የ15 እና የ20 ዓመት ዕድሜ አላቸው።

ተቀጣሪ ሹፌር መኪና ሲረከብ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ተቀያሪ ጎማ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ስፔሰር የለበትም። ባለቤቱ ስፔሰሩን አላወልቅም ካለ ቢያንስ እዚያ ቅጽ ላይ ይጻፈው፤ ውፍረቱን፣ ጎማው መጨረሻ ተፈትቶ የውስጦቹ ዳዶዎች በልክ የጠበቁበትን ቀንና ያን ጊዜ ሰሌዳው ያሳየውን ኪሎ ሜትር። ቀኑን መሙላት ካልቻለ ሹፌሩ ከመፈረሙ በፊት መኪናው ጎሚስታ ዘንድ ይሂድ፣ አራቱም ጎማ ይውለቅ፣ የማውለቂያውንም ባለቤቱ ይክፈል።